«የፔጆ ጎማ» የሚባል ልክ የለም

ከገበያ የራቁ የጎማና የቸርኬ ልኮችን አፈላልጎ ስለማግኘት

ሐረር ከተማን የረገጠ መንገደኛ ከጀጎል ግንብ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው በፔጆ 404 ላይ ነው። በፈረስ መጋላ አደባባይ ተሳፋሪ የሚጠብቁት እነዚህ ታክሲዎች በሌላው ዓለም የአሮጌ መኪና ወዳጆች በጋራዥ ቆልፈው ለበዓል ብቻ የሚያወጧቸው ዓይነት ናቸው። በሐረር ግን የዕለት እንጀራ ማግኛ ናቸው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ገበያቸውን ከተሻማ ወዲህ ቁጥራቸው ቢመናመንም ከመንገድ ጨርሰው አልወጡም።

የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ባለንብረት ለአብዛኛው ችግሩ መላ አለው። ሞተሩን አስፈትቶ ያሳድሳል፣ ቆርቆሮውን ያስበይዳል፣ የመቀመጫውን ልብስ ያሰፋል፣ ከገበያ የጠፋውን ቦኮላ በቶርኖ ያስወጣል። ጎማን ግን በቶርኖ የሚያወጣለት ባለሙያ የለም። ጎማ ከፋብሪካ ወጥቶ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ልኩ ወይ ይገጥማል፣ ወይ አይገጥምም። በመሆኑም በአሮጌ መኪና ንግድ ውስጥ ገንዘብ ከሚጠፋባቸውና ገንዘብ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የጎማና የቸርኬ ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ 404 ተሳፋሪ አሳፍሮ ወደ ድሬ ጠያራ ወረዳ ወረደ እንበል። ድሬ ጠያራ ከሶፊና ከኤረር ጋር ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ስሙ በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ቢሆንም የገጠር መንገዱ ለአሮጌ ጎማ የሚራራ አይደለም። በመልስ ጉዞ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ስኮርቱም ያረጀ ነበርና ሰውየው እየተንፏቀቀ ሐረር ደረሰ። ወዲያው አዲስ አበባ ወደሚያውቀው ደላላ ደወለ።

«ወንድሜ፣ የፔጆ ጎማ፣ አሥራ አምስት ቁጥር፣ አራት ፍሬ ፈልግልኝ።»

«ሞልቷል ጌታው፤ ብሩን ይላኩ።»

ብሩ ተላከ፤ ጎማውም በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ጎሚስታው አንዱን አንስቶ ጎኑን አነበበና ወደ ግድግዳው አስደግፎ አስቀመጠው። ጎማው በእርግጥ አሥራ አምስት ቁጥር ነው። ነገር ግን ለሚኒባስ የተሠራ 195 አር 15 ነበር። በጠባቡ የ404 ቸርኬ ላይ አይቀመጥም፤ በግድ ቢቀመጥም ፓራፋንጎውን ይታከካል። ለማስመጫ የተከፈለው ጠፋ፣ ለመመለሻ ሌላ ይከፈላል፣ መኪናው ደግሞ ያለ ሥራ ቆሟል።

በዚህ ምሳሌ ደላላው አላጭበረበረም፤ ባለንብረቱም አልዋሸም። ሁለቱም የተገበያዩት በስም እንጂ በልክ ስላልነበር ከሰሩ። ነጋዴው ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገርም ይኸው ነው፦ ጎማ የሚገዛው በመኪናው ስም ወይም በአንድ ቁጥር ሳይሆን በጎኑ ላይ በታተመው ሙሉ ጽሑፍና በቸርኬው ልክ ነው።

404 የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ፔጆ 404 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን የቤት መኪናው ምርት በፈረንሳይ ያበቃው በ1975 ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድርን በማሸነፉ ለአፍሪካ መንገድ የተፈጠረ የሚል ስም አትርፏል። ይህ ጥንካሬው ነው ከተሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ጎማ እንዲፈለግለት ያደረገው።

የ404 ቸርኬ ባለ 15 ኢንች ነው። በጊዜው ይታሰርለት የነበረው ጎማ 155 ወይም 165 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ሚሽሊን ኩባንያ ልኩን «165-380» ብሎ ይጽፈው ነበር። 380 የተባለው የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ380 የተጻፈውና በ15 የተጻፈው አንድ ናቸው። በአንጻሩ በጥንት የሲትሮየን መኪኖች ላይ የሚገኘው «165-400» ሌላ ልክ ነው፤ በ15ም በ16ም ቸርኬ ላይ አይገባም። አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ 400 የሚል ጎማ ያገኘ ነጋዴ «ፈረንሳይ ነው፣ ለፔጆ ይሆናል» ብሎ እንዳይገዛ።

የፔጆ ስም ብቻ የማይበቃበት ሌላም ምክንያት አለ። የ404 ተተኪ የሆነው 504 ባለ 14 ኢንች ጎማ ነው የሚያስረው። ሁለቱም ፔጆ ናቸው፤ የአንዱ ጎማ ግን ለሌላው አይሆንም። «የፔጆ ጎማ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣለት በዕድል ላይ የተወው ጉዳይ ነው።

ቁጥሩን ማንበብና ማስላት

በጎማው ጎን ላይ 185/65 አር 15 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል። «አር» ማለት ጎማው ራዲያል ነው ማለት ሲሆን 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። እንደ 165 አር 15 ባሉት አሮጌ አጻጻፎች ሁለተኛው ቁጥር አይኖርም። በዚያን ጊዜ በግምት 80 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል።

የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ለማግኘት ስፋቱን በመቶኛው ማባዛት፣ ውጤቱን በሁለት ማባዛት፣ በመጨረሻም 381 ሚሊ ሜትር መደመር ነው። በዚህ ስሌት፦

165 አር 15፦ 645 ሚሊ ሜትር

155 አር 15፦ 629 ሚሊ ሜትር

195/65 አር 15፦ 634.5 ሚሊ ሜትር

185/65 አር 15፦ 621.5 ሚሊ ሜትር

195 አር 15 (የሚኒባስ)፦ 693 ሚሊ ሜትር

ከዚህ እንደሚታየው የሚኒባሱ ጎማ ከትክክለኛው ከ7 በመቶ በላይ ይረዝማል። ፓራፋንጎ የሚነካው፣ መሪ ሲጠመዘዝ የሚታከከው ለዚህ ነው። 185/65 ደግሞ ወደ 4 በመቶ ያጥራል። መኪናው ዝቅ ይላል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ከተሄደው በላይ ይቆጥራል፤ በእውነት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 104 ገደማ ያሳያል።

ቁመት ብቻ ቢታይ ከሁሉም የሚቀርበው 195/65 ይመስላል። ይህ ጎማ ለዘመናዊ የቤት መኪኖች በብዛት ስለሚገባ በየሱቁ አለ፤ ዋጋውም ውድድር ያለበት ነው። ነጋዴው «እነሆ መፍትሔው» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ግን የቸርኬው ስፋት ይመጣል። የ195/65 አር 15 ጎማ የሚፈቀድለት ትንሹ የቸርኬ ስፋት 5 ተኩል ኢንች ነው፤ የ185/65 ደግሞ 5 ኢንች ነው። የ404 ዘመን ቸርኬዎች 4 ወይም 4 ተኩል ኢንች ገደማ የሆኑ ጠባቦች ናቸው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኑ ያብጣል፣ በመታጠፊያ ላይ ይዋልላል፣ ጎማው ቸርኬውን የሚነክስበት ጠርዝም እንደሚገባው አይቀመጥም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ቁልቁለትና ጠመዝማዛ መንገድ ይህንን የሚሞክሩበት ቦታ አይደለም። 165 አር 15 ግን ከ4 ኢንች ጀምሮ ይፈቀድለታል።

ከዚህ ጋር የጭነት ቁጥሩም ይታያል። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር አንዱ ጎማ የሚችለውን ክብደት ይነግራል። 75 ቁጥር 387 ኪሎ፣ 82 ቁጥር 475 ኪሎ፣ 86 ቁጥር 530 ኪሎ ይችላል። 404 ባዶውን ወደ 1,100 ኪሎ ይጠጋል። ሰው ሲሞላበትና ጣሪያው ላይ ጆንያ ሲጫንበት ከ1,500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ባለ 75 ቁጥር አራት ጎማዎች በድምሩ የሚችሉት 1,548 ኪሎ ብቻ ነው፤ ጭነቱም ለአራቱ እኩል አይከፋፈልም፣ ወደ ኋላ ያመዝናል። ስለዚህ ለታክሲ ሥራ 86 እና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ዕቃ አለ። በዘመናዊ መኪኖች ውስጥ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ቀጭን ጎማ ባለ 15 ሊሆን ይችላል፤ ሲያዩትም ለ404 የተሠራ ይመስላል። ከልኩ በፊት «ቲ» የሚል ፊደል ካለበት ግን ለጊዜያዊ አገልግሎት የተሠራ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የማይነዳበት ስኮርት ስለሆነ ለታክሲ ሊሸጥ አይገባም።

ዘመድ ፍለጋ፦ ቮልስ ለፔጆ ይደርስለታል?

ከገበያ የራቀ ልክ የሚፈልግ ነጋዴ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህንን ልክ የሚያስር ሌላ መኪና ማን ነው?» የሚለውን ነው። ለ404 መልሱ የሚያስደስት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ወዳጅ ያላት ቮልስዋገን ኤሊዋ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 15 ኢንች ጠባብ ቸርኬ ላይ የምትሄድ ናት። በቀድሞው አጻጻፍ 5.60-15፣ በራዲያል ደግሞ 155 ወይም 165 አር 15 ታስራለች። ኤሊዋ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ ምርቷ በሜክሲኮ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ተሽከርካሪ በመኖሩ የጎማዋ ልክ ከምርት አልወጣም። ሚሽሊንን የመሳሰሉ ኩባንያዎችም ለአሮጌ መኪኖች ለይተው የሚያመርቱት የጎማ ዘርፍ አላቸው።

እንግዲህ የሐረሩ ባለ 404 «የፔጆ ጎማ» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» የሚለው ባለሱቅ «165 አር 15፣ የቮልስም ይሁን» ቢባል ከመደርደሪያው ላይ ሊያወርድለት ይችላል ማለት ነው። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው የአጠያየቁ መንገድ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ!

ነገር ግን ዝምድናው በጎማው ያበቃል። ቸርኬው አይወራረስም። ኤሊዋ እስከ 1967 ድረስ በአምስት ብሎን የሚታሰር ቸርኬ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አራት ተለውጧል። የፔጆው የብሎን ቀዳዳዎች አቀማመጥ ከሁለቱም የተለየ ነው። «ጎማው ከገጠመ ቸርኬውም ይገጥማል» ብሎ የቮልስ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ብረት ገዝቶ ይቀራል።

ቸርኬ ሲገዛ

ቸርኬ ሲፈለግ አምስት ነገሮች ይለካሉ። እነርሱም ዲያሜትሩ፣ ስፋቱ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛት፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትርና የመሐሉ ትልቅ ቀዳዳ ናቸው። ስፋቱ የሚለካው ከውስጥ፣ ጎማው ከሚቀመጥባቸው ሁለት ግድግዳዎች መካከል ነው። ከውጭ የሚለካ ሰው አንድ ኢንች ያህል ሊሳሳት ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሳይገጥም ቀዳዳ በመቦርቦር ወይም በመበየድ ለማስተካከል መሞከር ዳዶው በጉዞ ላይ እንዲላቀቅ ማመቻቸት ነው።

አሮጌ ቸርኬ በሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገኝ የውስጡ ዝገት ይታያል። ጠርዙ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተቃና መሆኑ ይጣራል፤ ተሽከርክሮም መወላገዱ ይፈተናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ቸርኬዎች ካላማደሪያ ላለው ጎማ የተዘጋጁ ናቸው። በዘመናዊ ቸርኬ ላይ ያለው፣ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጉብታ የላቸውም። በመሆኑም ያለ ካላማደሪያ የሚሠራ ጎማ ቢገዛም በእንደነዚህ ዓይነት ቸርኬዎች ላይ ለራዲያል ጎማ የሚሆን፣ ልኩ የተስማማ ካላማደሪያ ይጨመርበታል። ነጋዴው ጎማውን ካላማደሪያው ጋር አብሮ ካላቀረበ ገዥው ግማሽ ዕቃ ነው የገዛው።

የብስክሌቱ ትምህርት

ይህንኑ ትምህርት በአነስተኛ ገንዘብ ሊሞክር የሚፈልግ ነጋዴ ፊቱን ወደ አሮጌ ብስክሌት ይመልስ። ባሕር ዳርን በመሳሰሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የቆየ መጓጓዣ ነው። የእንግሊዙ ራሌይ፣ የቻይናው ፎኒክስና የሕንዱ ሂሮ የመሳሰሉት ረጃጅም ጥቋቁር ብስክሌቶች ጎማና ቸርኬ ሲያልቅባቸው ግን ባለንብረቱ እንደ ባለ 404ቱ ይቸገራል። ምክንያቱም በብስክሌት ገበያ የኢንች ቁጥር ከመኪናው የባሰ አሳሳች ነው።

«ሃያ ስምንት» የሚባል ጎማ አንድ ብቻ አይደለም። የጥንቶቹ ረጃጅም ብስክሌቶች የሚያስሩት 28 በ1 1/2 ሲሆን ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ «28» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጎማ ግን 700 ሲ የሚባለው፣ 622 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ትንሹ በትልቁ ቸርኬ ላይ አይወጣም፤ ትልቁ ደግሞ በትንሹ ላይ ልል ሆኖ ሲነፋ ያመልጣል። በመካከላቸው ያለው 27 በ1 1/4 ደግሞ 630 ነው። የ27ቱ ጎማ ከአንደኛው «28» ይበልጣል፣ ከሌላኛው ያንሳል ማለት ነው!

«ሃያ ስድስት»ም እንዲሁ ነው። የአሮጌው የከተማ ብስክሌት 26 በ1 3/8 ልኩ 590 ሲሆን የተራራ ብስክሌቱ 26 በ2.00 ልኩ 559 ነው። በመካከላቸው የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ለነጋዴው የሚረዳ አንድ ቀላል ደንብ አለ፤ በክፍልፋይ የተጻፈና በነጥብ የተጻፈ ልክ አይተካኩም። 26 በ1 1/2 እና 26 በ1.5 በሒሳብ እኩል ናቸው፤ በቸርኬ ላይ ግን የመጀመሪያው 584፣ ሁለተኛው 559 ነው።

ከዚህ ሁሉ መወናበድ የሚያወጣው በጎማው ጎን ላይ በጭረት ተለያይተው የሚታተሙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 40-635 ቢል 40 የጎማው ስፋት፣ 635 የቸርኬው ልክ ነው። ይህ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሆነ ለሕንድም፣ ለቻይናም፣ ለዱባይም ሻጭ አንድ ትርጉም ይሰጣል። የ635 ልክ በአውሮፓ ሱቆች ብርቅ ቢሆንም ረጃጅም ብስክሌቶች አሁንም በሚመረቱባት በሕንድ የዘወትር ዕቃ ነው። የአገሪቱ የብስክሌት ኢንዱስትሪ ማዕከል ሉዲያና ከተማ ናት። በአንድ ገበያ የጠፋ ልክ በሌላ ገበያ የተትረፈረፈ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የብስክሌት ቸርኬ ሲታዘዝ ደግሞ የሽቦ ቀዳዳዎቹ ይቆጠራሉ። በእንግሊዝ ልማድ የተሠሩት የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ቀዳዳ አላቸው፤ ብዙዎቹ ሌሎች ብስክሌቶች ግን ለፊትም ለኋላም 36 ናቸው። በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያለው ብስክሌት ፍሬኑ የሚይዘው የቸርኬውን የውስጥ ወገን ስለሆነ ለዚያ የተቀረጸ ቸርኬ ይፈልጋል። ጎኑን በሚይዝ ፍሬን ቸርኬ ቢተካ ብስክሌቱ ይሄዳል፤ የሚያቆመው ግን አይኖርም።

«አዲስ ነው» ሲባል ዕድሜው ይጠየቅ

ከገበያ የራቀ ልክ ሲፈለግ ለብዙ ዓመት በመጋዘን የተቀመጠ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላቀቀ ጎማ መገኘቱ አይቀርም። ሻጩ «ያልታሰረ፣ አዲስ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል።

የመኪና ጎማ ዕድሜ የሚነበበው «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ነው። 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ባለ ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። ቢያብረቀርቅም ለመንገድ አይሆንም። አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላውም እንዲለወጥ ይመክራሉ። ጥርሱ ያለቀ የቤት መኪና ጎማን በቢላ ጥርስ ማስቀረጽም አደጋ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለዚያ ተብለው ለተሠሩ የከባድ መኪና ጎማዎች እንጂ ለታክሲ አይደለም።

ስንት ፍሬ ይግባ?

አንድ ነጋዴ ይህንን ሁሉ ካወቀ በኋላ የሚቀረው የገበያው ስፋት ነው። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፤ ገዥው ብዙ ስለሆነ ዕቃው ቶሎ ይዞራል፤ በዚያው ልክ ሻጩም ብዙ ነው። 165 አር 15 ግን የተቆጠሩ ገዥዎች ያሉት ዕቃ ነው። የተቆጠሩ ገዥዎች ያሉት ዕቃ ደግሞ ጥቅም አለው፤ ገዥዎቹን ሄዶ መቁጠር ይቻላል።

ለምሳሌ በአንድ ከተማ 50 የሚሠሩ 404ዎች ተቆጠሩ እንበል። በመኪና አራት ጎማ ቢሰላ 200 ጎማ ይሆናል። አንድ ጎማ በታክሲ ሥራ ሁለት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ፍላጎት 100 ፍሬ ነው። ሁሉም ባለንብረት አዲስ አይገዛም፤ ግማሹ ያገለገለ ቢገዛ 50 ይቀራል። ነጋዴው ይህን ሳያሰላ «ብርቅ ዕቃ ነው» በሚል 400 ፍሬ ቢያስገባ የስምንት ዓመት ሽያጭ አስገባ ማለት ነው። መጨረሻ የሚሸጠው ጎማ መጋዘን ውስጥ አርጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብርቅ ልክ ለብቻው በኮንቴይነር የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ በብዛት ከሚሸጡ ልኮች ጭነት ጋር ተዳብሎ፣ በትንሹ፣ በየዓመቱ ትኩስ ምርት ሆኖ ቢገባ ይሻላል። ከአዲስ አበባ የቮልስ ባለንብረቶች ፍላጎት ጋር ተደምሮ ቢታዘዝም የገዥው ቁጥር ይሰፋል።

የምንዛሪው ነገርም አብሮ ይታሰባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያን ሰሞን መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ የነበረው ነጋዴ የቀድሞውን ዋጋ ይዞ ቢሸጥ ኖሮ በተገኘው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አይችልም ነበር። ቀስ ብሎ የሚዞር ዕቃ የሚይዝ ሰው ዋጋውን የሚተምነው በገዛበት ሳይሆን መልሶ በሚገዛበት ሒሳብ ነው።

በሌላ በኩል የአሮጌ መኪና ባለንብረት መኪናውን በቀላሉ የሚለውጥበት ጊዜ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። በእጁ ያለውን መጠገን የግድ የሆነበት ባለንብረት በበዛ ቁጥር የመለዋወጫ ነጋዴው ሥራ ይሰፋል።

ለጉምሩክ ሥራ የዕቃው መደብ አስቀድሞ ይለይ። በዓለም አቀፉ አመዳደብ አዲስ የቤት መኪና ጎማ 4011.10፣ የብስክሌት ጎማ 4011.50 ነው። የመኪና ካላማደሪያ 4013.10፣ የብስክሌት ካላማደሪያ 4013.20 ሲሆን የመኪና ቸርኬ በ8708.70፣ የብስክሌት ቸርኬና ሽቦ በ8714.92 ይመደባሉ። ያገለገለና ታድሶ የተሠራ ጎማ ደግሞ አንቀጹ ሌላ ነው፤ 4012 ይባላል። በፕሮፎርማው ላይ «ጎማ» ብቻ ብሎ የጻፈ አስመጪ በወደቡም በጉምሩኩም ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የስልኩ ጥሪ እንደገና

ወደ ምሳሌው ባለንብረት እንመለስ ቢባል፣ ከድሬ ጠያራ የተመለሰው ሰው ስልኩን ከማንሳቱ በፊት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ይበቃው ነበር። ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታ የቸርኬውን ስፋት ከውስጥ ያስለካል፤ ከጎማው ጎን ላይ ያለውን ሁሉ በወረቀት ይገለብጣል። ከዚያም ጥሪው እንዲህ ይሆናል፦

«ወንድሜ፣ 165 አር 15 ራዲያል፣ የጭነት ቁጥሩ ከ86 የማያንስ፣ ለ4 ተኩል ኢንች ቸርኬ የሚሆን፣ ምርቱ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ፣ ከካላማደሪያው ጋር አራት ፍሬ። ለቮልስ የመጣም ቢሆን ችግር የለም። ብሩን የምልከው የጎኑን ጽሑፍና የዲ.ኦ.ቲ. ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ስትልክልኝ ነው።»

ደላላው አሁን «ሞልቷል ጌታው» ለማለት አይቸኩል ይሆናል። ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ሦስት ሱቅ ይጠይቃል። ያገኘ ዕለት ግን የሚላከው ጎማ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ይወጣል፤ መኪናውም በዚያው ቀን ፈረስ መጋላ ተራውን ይይዛል።